ፕሮፌሰር ዓምደወርቅ ስለ ማኅተሙ እንደ ተረቱ

አንባቢ ሆይ፥ ሐሰት ከጥላቻ ብቻ የሚወለድ የሚመስለው ሰው የዋህ ነው፤ ፍቅርም የይሉኝታን ካባ ደርቦ፥ አንገቱን ደፍቶ፥ እውነትን ሲሸሽግ ብዙ ጊዜ ታይቷልና። የነርቭ ሕዋሳትን አፈጣጠር ይመረምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ዓምደወርቅ፥ ጠጉራቸው የነጣ፥ ትምህርታቸው የጠለቀ፥ ቁጣቸው ፈጣን፥ ምሕረታቸው ከቁጣቸው የፈጠነ አረጋዊ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ይህን ነው፦ የሰውነት ሕዋሳት ሁሉ አንዱን የዘር መጽሐፍ ይዘው ሳሉ አንዱ ጉበት፥ ሌላው አንጎል የሚሆነው፥ በየገጹ ረቂቅ ማኅተም እየታተመ ይህ እንዲነበብ፥ ያ እንዲዘጋ ስለሚታዘዝ ነው፤ በፅንስ አንጎል ውስጥ አንድ ጊዜ የታተመውም እስከ ሞት አይፈታም። «አይፈታም» የምትለዋን ቃል የነካባቸው ወዮለት።

ደቀ መዝሙራቸው ትርሲት ግን ለዶክትሬት ማዕረግ የጫጩት ፅንስ ስትመረምር፥ ወጣቱ የነርቭ ሕዋስ ቅርንጫፉን ወደ ጎረቤቱ መዘርጋት ሲጀምር፥ ያ ማኅተም ተፈትቶ በማይክሮስኮፕ አየች። ደግማ ሠራችው፤ ተፈታ። ጉድ ፈላ! በታመመች ጊዜ ሾርባ በፔርሙዝ ይዘው ሆስፒታል የተመላለሱላት መምህር፥ በጡረታቸው ዋዜማ በእርሷ እጅ እንዲያፍሩ ልቧ አልፈቀደም። ስለዚህ ግኝቷን ከጽሑፏ አውጥታ መምህሯ የሚወዱትን ብቻ አስቀረች፤ ይህች ብልህ፥ ይህች ሞኝ!

ፕሮፌሰሩ ግን የተማሪን ሥራ በወሬ የሚቀበሉ አልነበሩምና፥ በፈተናው ዋዜማ ናሙናዎቿን አንድ በአንድ ሲመለከቱ የተሸሸገውን አገኙ። ቀና ሲሉ ትርሲት በሩ ላይ ቆማለች። በስተርጅና እንዳላሳዝንዎ ብዬ ነው አለች፥ እንባዋ እየቀደማት።

«ልጄ፥» አሉ፥ «አከበርሁ ብለሽ ናቅሽኝ። እውነትን የማይችል ሽማግሌ መሰልሁሽን? ነገ ይህን ካላቀረብሽ ፊርማዬን አታገኚም፤ ካቀረብሽም አልምርሽም።»

አልማሯትም። በማግስቱ በጉባኤው ፊት፥ ሌሎቹ ፈታኞች እስኪሳቀቁ ድረስ፥ ጥያቄ አዘነቡባት። ማኅተሙ እንዲታይ ናሙናውን የነከርሽበት ቀለም አሳስቶሽ ቢሆንስ አሉ፤ ያለ ቀለም በሌላ መንገድ ፈትና ያገኘችውን ያንኑ ውጤት አቀረበች። ማኅተሙ ሕዋሱ ለሁለት እየተከፈለ ሲባዛ የደበዘዘ እንጂ የተፈታ ባይሆንስ አሉ፤ የነርቭ ሕዋስ አንዴ ነርቭ ሆኖ ከተለየ በኋላ እንደማይባዛ ያስተማሯት እርሳቸው መሆናቸውን፥ ዓይኗን ሰብራ በትሕትና አስታወሰቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፕሮፌሰሩም ተነሥተው፥ ኮታቸውን ቆልፈው፥ እንደ ጥንቱ ተሟጋች ለጉባኤው እጅ ነሥተው «ተረታሁ» አሉ፤ ፊታቸውም ልጁን እንደ ዳረ አባት በራ። ትርሲት ጉልበታቸውን ልትስም ብታጎነብስ ቀና አድርገው ግንባሯን ሳሟት። ደቀ መዝሙሩ ያልረታው መምህር፥ ወራሽ ሳይተካ የሞተ ባለጠጋ ነው።