እጀባ

ነጯ መኪና ፍሬቻ አብርታ ወደ ግራ ስትታጠፍ ፍሬኑም ታክሲውን ከኋላዋ አዞረ። በጣም ቀርቧታል። ዕድሜውን ሙሉ ሌሎች ሹፌሮችን «ርቀትህን ጠብቅ!» ሲል የኖረ ሰው፣ ዛሬ ከፊቱ ካለችው መኪና ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው። ፍሬኑ ብለው ስም ያወጡለት የታክሲ ተራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ቢጫ መብራት ባየ ቁጥር ስለሚቆም፣ ውሻ እንኳ መንገድ ሲሻገር «እለፍ ጌታው» ብሎ ስለሚያሳልፍ። እንዲህ ያለ ሰው ሌባ እንደሚያሳድድ ተለጥፎ ሲነዳ ያየ ሁሉ አንድ ነገር ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

በነጯ መኪና የሹፌር ወንበር ላይ ማንም የለም። መሪው ብቻውን ይዞራል። ከኋላ የአንዲት ሴት ራስ ይታያል፤ ጸጉሯ ተሰብስቦ ታስሯል። ልጁ ናት። ዓይኖቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አያዩም፤ ሥራ ከያዘች ወዲህም ያለ እሱ ታክሲ ሄዳ አታውቅም።

ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነበር የነገረችው።

«አባዬ፣ ዛሬ አታደርሰኝም።»

«ምነው፣ እረፍት ወጣሽ እንዴ?»

«አልወጣሁም። መኪና ጠርቻለሁ።»

«የማንን መኪና?»

የጫማዋን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገች። እሱም ገባው።

«ባዶዋን?» ሹፌር አልባዎቹን መኪኖች ተራ ላይ የሚጠሯቸው እንዲህ ነው።

«አዎ፣ እሷን።»

«እናቴ፣ እኔ በቁሜ እያለሁ?»

«አንተ በቁምህ እያለህ ነው መልመድ የምፈልገው» አለችው፤ ድምጿም አልተቆጣም። ይህ ባሰበት፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። የታክሲውን ቁልፍ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያገላብጥ ቆየ።

ልጅቷ ሆስፒታል ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ጠዋት ያደርሳታል፣ ማታ ይመልሳታል። ማታ ሰዓቷ ሲደርስ ተሳፋሪ «ትንሽ ወደፊት ውሰደኝ» ቢለው እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ያወርድና ወደ ሆስፒታሉ ይከንፋል። የታክሲው የፊት ወንበር የእሷ ነው። እግሯ ተደግፎ እንዲያርፍላት ወደፊት እንደተሳበ ቀርቷል፤ መቀመጫው ላይ ትንሽ ትራስ አለ። ሌላ ሰው ልቀመጥበት ሲል መልሱ አንድ ነው፦ «ተይዟል።» እሷ ሥራ ላይ ሆና፣ ወንበሩ ባዶውን ከተማውን ሲዞር በሚውልበት ሰዓት እንኳ «ተይዟል» ይላል። ይህን እንደ ፍቅር እንጂ እንደ ሌላ ነገር ቆጥሮት አያውቅም።

«የሥራ ጓደኞቼ ከሥራ በኋላ አንድ ቦታ እንሂድ ሲሉኝ፣ ‹አባቴ ውጭ ቆሟል› እያልኩ እስከ መቼ?» አለችው ጫማዋን ጨርሳ ስትነሳ።

ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና ጣልቃ ገባች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅ እኮ ናት፤ የአደራ ዕቃ አደረግካት።»

«እሺ» አለ። አፉ እሺ አለ። ነጯ መኪና ድምፅ ሳታሰማ መጥታ በሩ ላይ ስትቆም፣ ልጅቷ ዘንጓን ይዛ እየዳሰሰች ስትገባ፣ በሩ በራሱ ሲዘጋ ቆሞ አየ። ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ከሩቅ ብከተላት ማን ይጎዳል ብሎ አሰበ። ከሩቅ ያለው ግን ከቤት እስከ ዋናው መንገድ ብቻ ነው የቆየው።

ሌላም የሚያስጨንቀው ነገር ነበር። እነዚህ መኪኖች ከተማው ውስጥ ብቅ ያሉ ጊዜ የተራው ሹፌሮች ተሰብስበው፣ «እኛም ቤተሰባችንም እግራችንን አናስገባባቸውም» ተባብለዋል። ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ፈጥረዋል፤ እጀባ ይሉታል። አንዲት ባዶ መኪና መንገድ ላይ ሲያገኙ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከኋላ ይሆኑና ቀስ ይላሉ። መኪናዋ ከመጠን በላይ ጠንቃቃ ናት፤ ሲጠጓት ትደናገጥና መብራቷን እያርገበገበች መሀል መንገድ ላይ ትገተራለች። ተሳፋሪው ተበሳጭቶ ይወርዳል፣ ከታክሲዎቹ አንዱን ይይዛል። ፍሬኑ እጀባ ገብቶ አያውቅም። ሲወራ ግን ስቋል፤ ቤቱም ገብቶ ለእነ ልጁ አውርቷል።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ከጎኑ ረጅም ክላክስ ተነፋ። ዘወር ሲል ሊቀመንበሩን አየ። ማንም አልመረጠውም፤ ተራ ላይ ብዙ ስለሚናገር ስሙ እንዲያው ጸንቶበት የቀረ ሰው ነው። መስታወቱን አውርዶ አውራ ጣቱን አነሳለት፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። ፍሬኑ በዚያ አነዳዱ ከባዶዋ ኋላ ተለጥፎ ሲታይ ምን እየሠራ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

ፍሬኑ እጁን አወዛወዘ። «ተው! ተው!» አለ። ከዝግ መስታወት ውስጥ የሚወዛወዝ እጅ ግን ሰላምታ ነው የሚመስለው። ሊቀመንበሩ በሁለት እጁ ሰላምታውን መልሶ ቀደመውና ከነጯ መኪና ፊት ገባ። ወዲያው ቀጮ የሚሉት ሌላው ጓደኛቸው ከየት መጣ ሳይባል በጎን በኩል ተለጠፈ። ከኋላ ያለው እሱ ነው። ሳያስበው እጀባውን የሞላው እሱ ሆነ።

ነጯ መኪና ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ተንገራገጨች፣ ድልድዩ መሀል ላይ ቆመች። መብራቶቿ ይርገበገቡ ጀመር። ከኋላ የመኪኖች ጩኸት ተነሳ። የልጁ ራስ ወዲያና ወዲህ ሲል አየ፤ እጇ በሩን ሲዳስስ አየ። በሩን ከፍታ ብትወርድ የምትረግጠው መኪና የሚከንፍበትን መንገድ ነው። ታክሲውን መሀል መንገድ ላይ በሩን ከፍቶ ትቶ ወረደ፤ ይህን ሌላ ሹፌር ቢያደርገው ወር ሙሉ ሲያወራው ነበር። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ።»

«አቤት እናቴ፣ በሩን እንዳትከፍቺ! እንዳትወርጂ!»

«አልወርድም። ከኋላዬ ነህ አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ታክሲህ ስታስል ከቤት ጀምሮ እየሰማኋት ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቃት መኪና እኮ ናት። ሲሰለቸው ይመለሳል ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

ዞሮ በሩን ከፍቶ የተወውን ታክሲ አየ።

«ክላክሱ ደግሞ የሊቀመንበሩ ነው» አለችው። «አባዬ፣ እራት ላይ እየሳቅክ የነገርከን እጀባ ይሄ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። እራት ላይ አንዲት ተሳፋሪ ፈርታ ስታለቅስ ቀጮ እንዴት እንዳስመሰላት ነበር የነገራቸው። ያን ምሽት ሚስቱ ስቃለች፣ እሱም ስቋል። ልጁ ሳቀች ወይስ አልሳቀችም? አሁን ለማስታወስ ቢሞክር አልመጣልህ አለው።

«መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ነጯን መኪና አልፎ ወደ ፊት ሲሄድ፣ ሊቀመንበሩ በደስታ በመስኮት ወጥቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ፍሬኑ! ዛሬ ገና ሰው ሆንክ! እኔማ እጀባ ሳይገባ ያረጃል ብዬ ነበር!»

«መንገድ ልቀቅ።»

«ገና አሁን ጀምረን? ተሳፋሪዋ እኮ አልወረደችም።»

«ልጄ ናት።»

ሊቀመንበሩ ሳቁን አቋረጠ። አንገቱን አዙሮ ነጯን መኪና ተመለከተ። ልጅቷን በደንብ ያውቃታል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ የተራው ሹፌሮች ወገባቸውን ሲይዛቸው የሚሄዱት እሷ ጋ ነው፤ የሱንም ወገብ ስንት ጊዜ አሽታ ቀና አድርጋዋለች።

«የኛ ልጅ?» አለ ድምፁ ወርዶ። «እዚህ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ወደ ሥራዋ እየሄደች ነው።»

«አንተ እያለህ?»

ጠዋት በር ላይ እሱ የጠየቃት ያንኑ ነበር። ከሰው አፍ ሲሰማው የባሰ ሆኖ አገኘው።

«ቀድመህ እጅህን ያወጣኸው አንተ አልነበርክም?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ነበርኩ።»

«ታዲያ?»

«እሷ አላወጣችም።»

ሊቀመንበሩ ከንፈሩን ነከሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ሦስት ልጆች የሚያሳድገው በዚሁ መሪ ነው። «ስማኝ» አለ ዝግ ብሎ፤ «አውርዳትና በታክሲህ ውሰዳት። እኔም ቀጮም ምንም አላየንም። ነገሩ እዚሁ ይቅር።»

ደግ ሐሳብ ነበር። ፍሬኑ ወደ ነጯ መኪና ሲመለስ ልቡ ቀለል ብሎት ነበር፤ ጓደኞቹንም ልጁንም ሳያጣ የሚወጣበት ቀዳዳ አገኘ። መስታወቱን አንኳኳ። ልጅቷ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። ፊቷ ወዝቷል። ዘንጓን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«እናቴ፣ ነይ ውረጂ። እጅሽን ይዤ አወርድሻለሁ። በሽተኞችሽም እየጠበቁሽ ነው።»

«ከወረድኩ ነገም ትመጣለህ» አለችው። «ከነገ ወዲያም።»

«ብመጣ ምን አለበት? ልጄ አይደለሽ?»

«ነኝ። እስክትሞት ትመጣለህ። ከዚያ በኋላስ? ያን ጊዜ ማነው ድልድይ መሀል በር የሚከፍትልኝ?» ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። «ፈርቻለሁ አባዬ። ስቆም በጣም ነው የፈራሁት። ግን አልወርድም። መንገዱን ብቻ አስለቅቅልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም ካንተ።»

ምንም አልፈልግም ማለቷ ወጋው። አጠገቧ ቆሞ፣ በሕፃንነቷ ትኩሳት የያዛት ሌሊት እንደሚያደርገው እጁን ግንባሯ ላይ ሊያሳርፍ ፈለገ። አላደረገውም። ዞሮ ወደ ሊቀመንበሩ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሂድ፣ ወደፊት ሂድ።

ሊቀመንበሩ ለጥቂት ጊዜ በስፖኪዮው አየው። ከዚያ ማርሽ አስገባ። ሲነሳ በመስኮት «ተራ ላይ እንነጋገራለን» አለ፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም። ቀጮም ቀና ብሎ ሳያየው ተከተለ። ፍሬኑ ሁለቱ ታክሲዎች ድልድዩን ጨርሰው እስኪታጠፉ ድረስ አያቸው። ተራ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ነገ ሰላም የሚለው፣ ከነገ ወዲያም ወረፋውን የሚጠብቅለት ሰው ላይኖር ይችላል። እነዚህ ነጫጭ መኪኖችም ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ እንደሚወስዱበት ያውቃል። አሁን በገዛ እጁ መንገድ ጠረገላቸው።

መንገዱ ተከፈተ። መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። መብራቶቿ እንደተርገበገቡ ናቸው። ፍሬኑ ግራ ገብቶት ዙሪያዋን ተመለከተ፤ ከፊትም ከጎንም ምንም የለም።

«ምን ሆነች?» አለ።

«ሰው ተጠግቶኛል፣ ገለል እስኪል እጠብቃለሁ እያለች ነው» አለችው ልጁ። የመኪናዋን ድምፅ ከውስጥ የምትሰማው እሷ ብቻ ናት።

የቀረው እሱ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። መብራቱ አልጠፋም። የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ለድልድዩ አጥር ሰጠ። መብራቶቹ ጠፉ፤ መስታወቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ነጯ መኪና ቀስ ብላ፣ ልክ እሱ እንደሚነዳው አነዳድ፣ ግራ ቀኝ አይታ ሄደች። ልጁ በኋላ መስታወት በኩል እጇን አነሳች። እሱም እንደማታየው እያወቀ አነሳላት።

ከኋላው የቆሙት መኪኖች ስድብ እያዘነቡበት ወደ ታክሲው ገባ። ሞተሩ እንደ ልማዱ አስሎ ተነሳ። ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ የግራው ወደ ሆስፒታሉ፣ የቀኙ ወደ ተራው። ነጯ መኪና በግራው ስትርቅ ይታየዋል። እጁ የግራውን ፍሬቻ ሊያበራ ደርሶ ነበር። መልሶ አነሳውና ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ መንገዱ ስለደበዘዘበት ቀስ አለ።

ትንሽ እንደሄደ አንዲት ሽማግሌ ሴት የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመው እጃቸውን አነሱ። ቆመላቸው። የኋላውን በር ከፍተው አዩና መልሰው ዘጉት።

«የኔ ልጅ፣ ፊት ብቀመጥ ቅር ይልሃል? ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኛል።»

«የፊቱ...» አለ። ቀሪው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ወንበሩን አየው፤ ትራሷ እንዳለ ነው።

ትራሱን አንስቶ ከኋላ አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ፈልጎ ሳበ። ለዓመታት ያልተነካ ስለሆነ እምቢ አለው፤ በሁለት እጁ ሲጎትተው ተንቋቋና ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄደ።

«ይግቡ እማማ» አለ በሩን እየከፈተላቸው። «እግርዎን እንደ ልብዎ ይዘርጉ።»