ጩኸት የማያሳልፍ ግንብ

ባሌ ይርጉ መጀመሪያ የመታኝ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር፣ አፓርታማችን ውስጥ ነው። ሁለተኛው ጥፊ ላይ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበች፤ ሦስተኛው ላይ ፖሊስ ኮል አደረገች። የዚያ አፓርታማ ግድግዳ ሺትሮክ የሚሉት ስስ ሰሌዳ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ "ይማርህ" ትላለህ። በካቴና ይዘውት ሄዱ፣ በማግስቱ ተለቀቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ የሚማረው እጁን መሰብሰብ ነበር። የኔው ጉድ የተማረው ግድግዳ መምረጥ ነው። የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ስለሚነዳ ያልረገጠው መንገድ የለም። ከፎርት ዎርዝ ከተማ ወዲያ፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ መሃል፣ አሮጌ የድንጋይ ቤት አገኘና ሙቭ አደረግን።

ቤቱን ያየ ሁሉ ቀና። አከራያችን ሚስ ሩት የምትባል አሮጊት ናት። የሠራው ቅድመ አያቷ ነው፤ የአሜሪካኖቹ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ ድንጋዩን ከጅረቱ ዳር ራሱ እየፈለጠ። ይዛን ዞረች። ግንቡ ድርብ ነው፤ በውጭ አንድ ረድፍ የተጠረበ የኖራ ድንጋይ፣ በውስጥ ሌላ ረድፍ፣ መሃሉ በጠጠርና በኖራ የታጨቀ። መስኮቱ ላይ ቆሜ እጄን ብዘረጋ ጣቴ ውጭ አይደርስም። ከጓዳው ኋላ ደግሞ መስኮት የሌለው ክፍል አለ፤ ዱሮ ሥጋ ይደርቅበት፣ ወራሪ ሲመጣ ሴትና ልጅ ይደበቅበት ነበር አለች። መዝጊያው ሁለት ሳንቃ ተደራርቦ የተመታ ነው። ግቢውን ተሻግሮ ባርኑ አለ፤ የከብት በረትና የጭድ ማከማቻ ባንድ ጣራ ሥር፣ እሱም ድንጋይ። ከባርኑ ጀርባ የዚያ ቅድመ አያቷ የመጀመሪያ ሚስት መቃብር አለ። በምን ሞተች ብዬ ጠየቅሁ። ሚስ ሩት "ያኔ ሴቶች ቶሎ ይሞቱ ነበር" አለችኝ። ይርጉ ይሄን ጊዜ ሳንቃውን በቡጢ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል።

ከዚያ ወዲህ የሚመታኝ እዚያ ክፍል ውስጥ ሆነ። ንዴቱ ሳሎን ቢነሳም ክንዴን ይዞ እየጎተተ እስከዚያ ይወስደኛል፣ መዝጊያውን ይዘጋል፣ ቀበቶውን ይፈታል። ፊቴን አይነካም። ጀርባዬን፣ ጎኔን፣ ጭኔን። አንድ ቀን ፀጉሬን በእጁ ጠቅልሎ ጭንቅላቴን ከግንቡ ጋር አላተመው፤ ደሜን ከድንጋዩ ላይ በብሩሽ ያጠብኩት እኔው ነኝ። ሥራ ሲሄድ ስልኩን ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። ሰው ፊት ደግሞ ማር ነው። የቤት ቀጋ፣ የደጅ አልጋ ማለት እሱ ነው።

ባርኑ ውስጥ ሰው ይኖራል። የይርጉ አጎት ጋሽ ወልዴ፣ ለከብት ጠባቂ የተሠራችውን ክፍል ተከራይተው። ሐሰት ከአፋቸው አይወጣም፤ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሰው ሁሉ በቃላቸው ያምናል። እኔን የጎዳኝም ይኸው ነው።

ወንድሜ መኳንንት ቤድፎርድ የምትባል ከተማ ነው ያለው። ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ወሰድኩትና ጀርባዬን ገልጬ አሳየሁት። "ውሰደኝ" አልኩት። አለቀሰ። አልቅሶ ሲጨርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሽማግሌ ሳይሰማው ከባሏ ቤት አስኮበለላት ልባል ነው? ትሂድ ይበሉኝና በዚያው ቀን እወስድሻለሁ።"  ግን ከሱ ሌላ ማን አለኝ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሽምግልና ቤታችን መጡ፤ ጋሽ ወልዴ፣ አቶ ምናሴ የሚባሉ ሌላ ሽማግሌ፣ መኳንንት። ለሽማግሌ ጀርባ አይገለጥም፣ ነውር ነው። በአፌ ተናገርኩ። ይርጉ አንገቱን ደፍቶ "ከባርኑ መሰላል ወድቃ ነው" አለ። አቶ ምናሴ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩ። "እርስዎ ደጃቸው ላይ ነዎት፤ ምን ሰሙ?"

"በመድኃኔ ዓለም ፊት ነው የምናገረው፣" አሉ ጋሽ ወልዴ። "አንድም ቀን ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።"

በቃ፣ አለቀ። አቶ ምናሴ "ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል" ብለው ምክራቸውን ጀመሩ። መኳንንት ጫማውን ያያል። ብድግ አልኩ።

"ኦኬ፣ እንሞክረው" አልኳቸው። "እናንተ ባርኑ ጋ ሄዳችሁ ቁሙ። እኔ ከኋላው ክፍል ገብቼ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እጮኻለሁ። ከሰማችሁኝ ውሸታም ነኝ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ካልሰማችሁኝ ወንድሜ ይዞኝ ይሂድ።"

አቶ ምናሴ ሳቁ። ጋሽ ወልዴ ግን "እውነቷን ነው፣ ይሞከር" ብለው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። "ሽምግልና ሁለት ወገን ነው። ዝም ብላ ቆይታ ጮኼ ነበር ብትለንስ? ይርጉ አብሯት ይሁንና ይመስክር።"

"ጋሼ፣ ከሱ ጋር አይተዉኝ።"

"እኛ እያለን ምን ያደርግሻል፣ ልጄ?"

ወጡ። ይርጉ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ፣ መዝጊያውን ዘጋ። "በሰው ፊት አዋረድሽኝ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ገና ሳይነካኝ መጮህ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቡጢ አፌ ላይ አረፈ፤ ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ፊት መምታቱ መጨረሻዬ መሆኑን ነገረኝ። ወደ ሳንቃው ስሮጥ በእግሩ ጠልፎ ጣለኝ፣ በጫማው ጎድኔን ረገጠኝ። "ጋሽ ወልዴ!" እላለሁ፣ "መኳንንት!" እላለሁ። ቀኝ እጄን ወደ ኋላ ጠመዘዘው፣ ክርኔ ጋ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የጮህኩት የሰው ጩኸት አይደለም። እሱ ሲደክመው ግንቡን ተደግፎ ተቀመጠ፣ ያለከልካል።

ብዙ ቆይቶ እመዝጊያው ድረስ የእግር ኮቴ መጣ። ከሳንቃው ማዶ የአቶ ምናሴ ድምፅ ነው። "ዓለምጌጥ፣ ቆመን ስንጠብቅሽ ደከመን እኮ። ትጮኺ እንደሆን ጩኺና እንገላገል።"

ጋሽ ወልዴ መዝጊያውን ገፉት። የጓዳው ብርሃን ፊቴ ላይ ወደቀ። መኳንንት በላያቸው ዘሎ ይርጉን አነቀው፣ ከግንቡ ጋር ደጋግሞ አላተመው፤ የገላገለ የለም። ጋሽ ወልዴ አጠገቤ በርከክ አሉ፣ እጃቸው የት እንደሚነካኝ ጠፍቶባቸዋል።

"ጋሼ፣" አልኩ፣ ደሙን እየተፋሁ። "ምን ሰሙ?"

"ምንም" አሉ እያለቀሱ። "ምንም አልሰማሁም፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ልሂድ" አልኩና ደና እጄን ዘረጋሁላቸው፣ እንዲያነሱኝ።