የሦስተኛው ቤዝ ምልክት

የቤዝቦሏ ኳስ ከእንግዳው ቡድን መቺ ዱላ ላይ ተነስታ ወደ ግራ ሜዳ ስትከንፍ ሔርሜላ ቀና ብላ አላየችም። ድምፁ በቂዋ ነበር። እንዲያ ደርቆ የሚጮህ ዱላ ኳሷን የት እንደሚያደርሳት ታውቃለች። ዴንቨር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሌላ ከተማ አጥር ስር የምትወድቅ ኳስ እዚህ አጥሩን ተሻግራ የማታውቀው ሰው ጭን ላይ ታርፋለች። ዙሪያዋን የተቀመጡት ሰዎች አንድ ላይ አቃሰቱ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። ያስከፋት ሳቁ ነበር። የከተማው ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ስለከረመ የሚናደድለት ሰው አልቆበታል። ሕዝቡ የሚመጣው ለፀሐዩና ለቢራው ነው።

ስልኳ ጭኗ ላይ ተንቀጠቀጠ። አክስቷ ሙሉነሽ ነበረች። «የት ደረስሽ? ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን ኳስ ሜዳ! ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

ሔርሜላ ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ላዩ ላይ የአባቷ ኮፍያ ተቀምጧል፤ ሐምራዊነቱ ከላብና ከፀሐይ ብዛት ወደ ግራጫ የዞረ ኮፍያ። የዓመቱን የመጨረሻ የእሁድ ጨዋታ አንድም ጊዜ ተለያይተው አይተው አያውቁም ነበር። ዘንድሮ ግን አባቷ ባስልዮስ ለሽማግሌዎቹ ቀን ሲቆርጥ የጨዋታውን መርሐ ግብር ሳያይ «እሁድ አስራ አንድ ሰዓት ይመቸናል» አለ። ቃል ከወጣ በኋላ ሽማግሌን «ኳስ አለብን» ብሎ መመለስ አይቻልም።

ሽማግሌዎቹን የላከው ናታን ነው። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ከወንድሙ ጋር ይኖራል። ለዓመታት ቀን የአውሮፕላን ማረፊያ ሾፌር ሆኖ ማታ ሲማር ቆይቶ አሁን ሂውስተን ሥራ አግኝቷል፤ በወሩ መጨረሻ ይሄዳል። ሔርሜላ አብራው እንድትሄድ ይፈልጋል። እሷም ትወደዋለች። ችግሩ የመውደድ አልነበረም። አባቷን ከዴንቨር ጎን አውሮራ ውስጥ፣ ሁለቱ ብቻ በኖሩበት ቤት፣ ከራዲዮ ጋር ትታው መሄድ ነው።

ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ መኪና ውስጥ አባቷ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጠይቋት ነበር።

«ምን ልበላቸው?»

«አንተ እንዳልክ ይሁን አባዬ።»

«የማገባው እኔ አይደለሁም እኮ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። እሷ ዝም ስትል ዝምታዋ ምን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያውቅላታል፤ ዛሬ ግን አላወቀም፤ እሷም አላወቀችውም። ቤት ሲደርሱ ኮፍያውን አውልቆ እጇ ላይ አኖረላት።

«ሂጂና አስቢ። አንቺ እዛ ነው የምታስቢው። ሙሉነሽ ካለችበት ቤት ደሞ ማንም ማሰብ አይችልም። ይሄ ቦታዬን ይያዝልኝ።»

እናም መጣች። ግን ከዘጠኙ ዙሮች እስከ አምስተኛው ድረስ ያሰበችው ስለ ቡድኑ ብቻ ነበር።

ስለ ቡድኑ ማሰብ ይቀላታል። የቡድኑ ሰዎች በየዓመቱ አንድ ነገር ይላሉ፦ ታገሱ፣ ልጆቹ እየመጡ ነው። ልጆቹ በትናንሽ ከተሞች፣ ለትናንሽ ቡድኖች እየተጫወቱ የሚያድጉት ናቸው። ሔርሜላ ሆስፒታሉ ላብራቶሪ ውስጥ የደም ናሙና እስኪሽከረከር ስትጠብቅ በስልኳ እያንዳንዳቸውን ትከታተላለች። አንዱ ክንዱን ይታመማል። አንዱ ለሌላ ቡድን ይሰጥና እዚያ ሄዶ ያብባል። ሌላው መጥቶ የመጀመሪያ ሳምንት ያስጨበጭብና ከዚያ አየር ላይ የምትታጠፍ ኳስ አይቶ እንደማያውቅ ይታወቃል። ተስፋው ሁልጊዜ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ሁለት ዓመቱ ሲያልፍም ተስፋው ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ያው ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ይህ ነገር ሊያናድዳት ሲገባ ለምን እንደሚያረጋጋት ጠይቃ አታውቅም ነበር።

የጠየቃት ናታን ነው። አንድ ጊዜ አብሯት መጥቶ ዝናብ መትቷቸዋል።

«ሔርሚ፣ በስምንት ነጥብ እየተመሩ ነው እኮ። ለምን አንሄድም?»

«አላለቀም።»

«ላንቺ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ይህን ብሎ ጃኬቱን ትከሻዋ ላይ ጣለላትና እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ባለፈው ሳምንት ግን ስለ ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ነገራት። «አባትሽ ቀጠሮ ቢሰጧቸው ሰዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ወግ ስለሆነ አይከፋኝም። የምፈራው አንቺን ነው። ቀጠሮ ከተሰጠሽ ቀጠሮውን ትወጂዋለሽ።» ተቀይማው ነበር። ቅያሜው ያለቀው ልክ መሆኑን ስታውቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ስሜት ደግሞ ከቅያሜ የባሰ ነበር።

እግሯን አነባብራ መልሳ ፈታች። የኮፍያውን ጠርዝ አስተካከለች። ሰዓቱን አየች።

እዚህ ሜዳ መምጣት የጀመሩት እናቷ በሞተችበት ዓመት ነው። አባቷ መሀል ከተማ፣ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ባለው የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዕረፍት ቀኑ ቃል ከማትወጣት ልጁ ጋር ቤት ተቀምጦ ምን እንደሚያወራ ሲጠፋው፣ ማዶ ሆኖ የሚሰማውን ጩኸት ሊያሳያት ወሰዳት። ጨዋታውን ሁለቱም አያውቁትም። አባቷ መጀመሪያ ያስተዋለው ሯጮቹ እየረገጡ ከሚያልፏቸው ማዕዘኖች በሦስተኛው፣ በሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆሞ ጆሮውን፣ ደረቱን፣ ክንዱን የሚነካካውን ሰው ነበር።

«ምን ያሳክከዋል ሰውዬውን?» አለ።

ሔርሜላ ሳቀች። ከቀብሩ በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰውዬው አሰልጣኝ መሆኑንና ለሯጮቹ በምልክት የሚያዝዘው እሱ መሆኑን ቆይተው ተረዱ። ከዚያ የራሳቸውን ምልክት አወጡ። ጆሮ መንካት «ቆይ» ነው። ከክርን እስከ እጅ አንጓ በመዳፍ መጥረግ «ሩጥ»። የኮፍያ ጠርዝ መንካት «አላየሁም፣ ድገመው»። በሰርግ ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ ስብከቱ ሲረዝም በዚህ ይነጋገራሉ። ለአንዲት ዓይን አፋር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አፏ የማይለውን እጇ ይልላታል። አክስቷ ሙሉነሽ ብቻ ሁለቱንም ሐኪም እንዲያያቸው ትመክራለች።

በስምንተኛው ዙር ሞንካዮ የሚባለው አዲሱ ልጅ መትቶ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ደረሰ። ከመጣ ወር አልሞላውም፤ «ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል» ከተባለላቸው ተስፋዎች አንዱ ነው። ቀጣዩ መቺ ኳሷን በአጭሩ ወደ ቀኝ ሜዳ ላካት። ልጁ ሮጠ። ሔርሜላ ዓይኗን በልማድ ወደ አሰልጣኙ መለሰች፤ ሁለቱንም እጆቹን ከፍ አድርጓል። ቁም። ልክ ነበር፤ እሷም ብትሆን ታቆመው ነበር።

ልጁ አልቆመም። የሦስተኛውን ቤዝ ጥግ ረግጦ፣ ራስ ቁሩ ወድቆ፣ ነጥብ ወደሚቆጠርበት ወደ ሆም በረረ። ኳሷ ቀድማው ደረሰች። በደረቱ ተንሸራትቶ ሲገባ ተከላካዩ ኳሷን ይዞ በእርጋታ ጠብቆ ነካው። ዳኛው «ወጥተሃል» ብሎ ጡጫውን አነሳ። አለቀ።

«ሞኝ!» ብሎ ጮኸ ከፊቷ ያለው ሰው፣ ፖፕኮርኑ እየተበተነ።

ሞንካዮ ተነሳ። አፈሩን ከደረቱ አራገፈ። ወደ መቀመጫው ሲሄድ አሰልጣኙ የሆነ ነገር እየጮኸበት ነበር፤ ልጁም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማዋል፤ ፊቱ ላይ ግን ሔርሜላ የጠበቀችው ሐፍረት አልነበረም። ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቆማ እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ልቧ እሷ የሮጠች ይመስል ይመታል። ኮፍያውን አነሳች፣ ራሷ ላይ አደረገችው፣ እና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ሳያልቅ ደረጃውን ወረደች።

ባቡሩ ውስጥ መቀመጫ እያለ ቆማ ሄደች። ፒዮሪያ ጣቢያ ፓርክ ያደረገችውን መኪና አስነስታ አውሮራ ስትገባ ገና ሰዓቱ አልሞላም ነበር። በራቸው ላይ ግን የማታውቀው መኪና ቆሟል። ሽማግሌ አርፍዶ እንደሚመጣ ሁሉም ገምቶ ነበር፤ እነዚህኛዎቹ ቀድመው መጥተዋል።

በጋራዡ በኩል ወደ ማድቤት ሾልካ ገባች። ሙሉነሽ እጇን ይዛ ጎተተቻት።

«መጣሽ! አባትሽ ሰዎቹን ሊገድላቸው ነው» አለች እያንሾካሾከች። «መልስ ሳይሰጣቸው አይቀመጡም፤ እሱ ደሞ መልስ አይሰጥም። ቆመው ቀሩ! ጋሽ ተክለሚካኤል ጉልበታቸውን ያስቀየሩት አምና እኮ ነው። ይሄን ደሞ አውልቂው፣ አንቺ ልጅ!»

ሔርሜላ ኮፍያውን አላወለቀችም። ማድቤቱን ከሳሎኑ የሚለየውን በር ገርበብ አድርጋ አየች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሱፍ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው ምንጣፉ ላይ ቆመዋል። አባቷ ፊት ለፊታቸው፣ ፊቱ ወደ ማድቤቱ፣ ላቡ ወርዶ ያወራል።

«…አየሩ ስስ ነዋ። ኳሷ አትታጠፍም። ወርዋሪ ሁሉ እዚህ ሲመጣ ግራ ይገባዋል።»

«ባስልዮስ ወንድሜ» አሉ ጋሽ ተክለሚካኤል ሶፋውን ተደግፈው። «ይሄ ሁሉ ደግ ነው። እኛ ግን ለኳስ አልመጣንም።»

«ገባኝ ጋሼ። ይቀመጡ ብያለሁ እኮ።»

«መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም። ወጉን ታውቀው የለ!»

«አውቃለሁ። ስለ ልጆቹ ብቻ ልጨርስልዎት። ቡድኑ ልጆቹን ቶሎ አያወጣም። ይፈራል። ትንሽ ይቆዩ፣ ትንሽ ይቆዩ ይላል።»

«ሲቆዩ ይበላሻሉ እንዴ?» ብለው ጠየቁ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሳያስቡት ወሬው ስቧቸው። ጋሽ ተክለሚካኤል ዞረው ገላመጧቸው።

«አይ» አለ ባስልዮስ። «መቆየቱን ይለምዱታል። የሚያቆያቸውም ይለምደዋል።»

ያን ጊዜ ዓይኑ በሩ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ኮፍያውን፣ ቀጥሎ ከኮፍያው ስር ያለውን ፊት አየ። ንግግሩ ተቋረጠ። ሽማግሌዎቹ ሊናገር ነው ብለው ቀጥ አሉ።

የሔርሜላ እጅ በራሱ ጊዜ ተነሳ። ወደ ጆሮዋ ነበር የሚሄደው፤ ዕድሜዋን ሁሉ የሚያውቀው መንገድ ነው። አባቷ አየር ስቦ አፉን ሲከፍት አየች፤ ቀጠሮ ሊሰጥ መሆኑ ታወቃት። ፊቱ ላይ የመጣውንም ዕፎይታ አየች፤ ሊደብቀው አልደረሰም። ያ ዕፎይታ እግሯን ሊያስራት ነበር።

እጇ ጆሮዋ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ከዚያ ወረደ። ግራ ክርኗን ያዘች፣ እስከ አንጓዋ ድረስ በመዳፏ ጠረገች።

አባቷ አልተንቀሳቀሰም። በኋላ ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ ከፍ አለና ኮፍያ የሌለበትን ግንባሩን፣ ጠርዙ የሚሆንበትን ቦታ፣ በሁለት ጣቱ ነካ።

ምልክቷን ማየቱን ታውቃለች። እሱም ማወቋን ያውቃል። ቢሆንም ግንባሩ ላይ ያሉትን ጣቶች አላወረደም፤ ጠበቃት።

ሔርሜላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሙሉነሽ ከኋላዋ «ኧረ በማርያም!» ስትል፣ ሽማግሌዎቹም አንድ ላይ ሲዞሩ እየሰማች፣ ክርኗን እንደገና ያዘችና ደገመችው፤ አሁን ቀስ ብላ፣ ከሩቅ ላለ ሰው እንደሚደረገው።