ብርድ ያሉት ሕመም

ልጄን የገደለው ድንጋይ ነው ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ያምን ነበር። ያስወሩት አማቴ ወይዘሮ ድንቅነሽ ናቸው፤ እሳቸው ያሉት ደግሞ ከልደታ አብነት ሳይደርስ አያድርም።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ባሌ ኃይለመለኮት የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው፤ ያኔ ለስድስት ወር ድሬዳዋ ተልኮ ተመለሰ። ሳይቆይ ትኩሳት ያዘኝ፤ ከእምብርቴ በታች እሳት የገባ መሰለኝ፤ ፈሳሽም ነበረኝ። አማቴ፣ እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ልብስ ስታጥቢ ብርድ መቶሽ ነው አሉና ፌጦ በነጭ ሽንኩርት አጠጡኝ። ኃይለመለኮትም አዎ፣ ብርድ ነው አለ። በወሩ ሻል አለኝና እኔም አመንኩ።

ከዚያ ማርገዝ አቃተኝ። መካን የሚለው ስም ከጀርባዬ ሲከተለኝ ከርሞ፣ በ1974 ጥቅምት ላይ የወር አበባዬ ቀረ። ደስታዬን ግን መናገር አልተፈቀደልኝም። ሆድሽ ሳይገፋ ለሰው ከተናገርሽ ዓይን ይበላዋል አሉ አማቴ። ስለዚህ የቀበሌው ዘመቻ እሑድ ሲመጣ አፌን ይዤ፣ ለቦይ የሚሆን ድንጋይ እንደ ሰው ሁሉ ተሸከምኩ።

በማግስቱ ጠቆር ያለ ደም ጠብ ጠብ ይል ጀመር። እርጉዝ ደም ካየች ሐኪም ቤት መሄድ ነበረባት፤ እኛ ግን ሰው እንዳይሰማ ብለን በር ዘግተን ተቀመጥን። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ቀኝ ጎኔን ወጋኝ፤ ሕመሙ ትከሻዬ ድረስ ወጣ፤ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ጎረቤታችን ኑሪ በታክሲው ሆስፒታል አደረሰኝ፤ በኦፕራሲዮን ነፍሴን አተረፉ።

"ጠጅቱ፣ ድንጋዩ ምንም አላደረገሽም" አለኝ ሐኪሙ። ፅንሱ ማህፀኔ አልደረሰም፤ ወደ ማህፀን በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ሲያድግ ቱቦውን አፈነዳው። ቱቦውን ያጠበበው የቆየ ቁስል ነው፤ ሁለተኛውም ተጣብቋል፤ ሌላ ልጅ የማግኘቴ ተስፋ ጠባብ ነው። ድሮ ብርድ መቶኝ ነበር አልኩት። ብርድ እንዲህ አያደርግም አለ። የዚህ ሕመም ምክንያት ሁልጊዜ አይታወቅም፤ የእኔ ግን ያልታከመ ጨብጥ እንደሚመስለው ነግሮኝ፣ ባሌ ታክሞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ኃይለመለኮት ብርቱካን ይዞ ሲመጣ ጠየቅሁት። ግራ ቀኝ የተኙትን በሽተኞች አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ድሬዳዋ ሦስት መርፌ ተወግቻለሁ። እኔ እኮ ድኜ ነበር።"

"እኔ" አለ። እኔ ፌጦ ስጠጣ አጠገቤ ተቀምጦ ብርድ ነው ያለው ሰው ድኖ ነበር። ያን ቀን ጠላሁት፤ ጥላቻው እስካሁንም አልተወኝም።

ከሆስፒታል በወጣሁ በወሩ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሂስና ግለ ሂስ ተደረገ። አማቴ ተነስተው ሊቀመንበሩን ጓድ ገብረየሱስን፣ ነፍሰ ጡር ድንጋይ አሸክመህ የልጅ ልጄን አሳጣኸኝ ብለው ወረዱበት። ማርገዜን ማን ነግሮት? ምስኪኑ ግን ቆመና ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ኃይለመለኮት አንገቱን ደፍቶ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ፣ የሰውየውን ኑዛዜ አንድ ቃል ሳይዘል ጻፈ።

እጄን አወጣሁ።

"ጓድ ገብረየሱስ ይቀመጥ፤ ጥፋት የለበትም" አልኩ። "ጓድ ጸሐፊ፣ አሁን ደግሞ የራስህን ጻፍ። ከድሬዳዋ ጀምር።"

አማቴ ወደ ልጃቸው ዞረው ድሬዳዋ ምን አለ ብለው ጠየቁት። እሱ የብዕሩን ክዳን ገጠመ። በእሱ ፈንታ እኔ ተናገርኩ፤ ሦስቱን መርፌም አልዘለልኩም።