የወግ እምቢታ

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ሽማግሌዎቹን «እምቢ» ብለው በሸኙበት እሁድ እንደ ሕፃን ልጅ ተኝተው አደሩ። ምን ያስጨንቃቸዋል? ሥራቸውን በወጉ ሠርተዋል። በእሳቸው ሰፈር፣ እዚያ አንኮበር ላይ፣ ልጁን በመጀመሪያው ልመና የሚሰጥ አባት ስሙ በበጎ አይነሳም። መጀመሪያ እምቢ ይባላል፣ ቀጥሎ እንምከርበት ይባላል፣ በሦስተኛው ይመረቃል። እሳቸውም ቢሆኑ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አዛለችን ያገኙት የአማታቸውን ደጅ ጠንተው ነው።

ልጅቷ ማርያማዊት ናት፤ ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ የጥራት ተቆጣጣሪ። ጠያቂው ደግሞ ኩሪያን የሚባል ሕንዳዊ፣ የዚያው ፋብሪካ የማሽን ባለሙያ። ኬረላ ከሚባል አገር የመጣ፣ ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ኦርቶዶክስ የሆነ፣ ጾም የሚያውቅ ልጅ ነው። መሪጌታ መጀመሪያ ያዩት ጊዜ «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣችው» ብለው አጉረምርመው ነበር። በኋላ ግን ለጥምቀት መጥቶ አጠገባቸው ቆመና ወረቡን ሞከረ። ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲል እሱ ወደ ግራ፣ ሰው ጎንበስ ሲል እሱ ቀና፤ ደግሞ ማፈር የሚባል ነገር የለ። አንጀታቸውን በላው። ስሙ ባገሩ ቂርቆስ ማለት መሆኑን ከነገራቸው ወዲህ «ቂርቆስ» እያሉ ነው የሚጠሩት። በሚወዱት ሰው ላይ ስም ማውጣት ልማዳቸው ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ፋብሪካው የውጭ ባለሙያ ቀነሰና የልጁ የሥራ ውል አለቀ። በሥራው የተሰጠው የመኖሪያ ፈቃድም ከወሩ መጨረሻ አያልፍም። ጋብቻው ማዘጋጃ ቤት ከተመዘገበ ፈቃዱን ወደ ቤተሰብ መኖሪያ ፈቃድ ማስለወጥ ይችላል፤ ካልሆነ አገር ለቆ መሄድ ነው። ማርያማዊት ደግሞ አባቷ ሳይመርቋት አትፈርምም፤ ቁርጥ ያለ ነገር ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ዋሴ ይህንኑ አስበው፣ ሲወጡ በር ላይ «መሪጌታ፣ የልጁ ፈቃድ ቀኑ ተቃርቧልና ብዙ አያመላልሱን» ሲሉ ሹክ አሏቸው።

መሪጌታ ቱግ አሉ። «ልጄን ለመኖሪያ ፈቃድ አልድራትም» ብለው ጮሁ፤ ከግቢው ውጪ መኪና ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ልጅ እስኪሰማ ድረስ። እምቢታው የወግ ነበር። ይቺን ግን ከኪሳቸው ነው የጨመሯት፤ ጉዱ የፈላውም በሷ ነው።

በማግስቱ ጋቢያቸውን አሳጥበው መጠበቅ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ አልመጡም። በሌላውም ቀን ቀሩ። ወይዘሮ አዛለች ለእንግዳ ብለው የጠመቁት ጠላ ደረሰ፤ የሚጠጣው ጠፋ። መሪጌታ በሆነ ባልሆነው ከቤት እየወጡ ወደ መንገዱ ሲያማትሩ ዋሉ፤ ምነው ሲባሉ «ዝናቡን ላየው ነው» ይላሉ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

በመጨረሻ ወይዘሮ አዛለች ልጃቸውን በስልክ አነጋግረው ወጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«አንቱ ሰውዬ፣ ልጁ ሻንጣውን ሸክፏል። ቅዳሜ ይበራል።»

«ምን ማለት ነው? ሽማግሌዎቹ ገና ሁለት ጊዜ ይቀራቸዋል እኮ።»

«እምቢታው ወግ ነው ብላ ነግራዋለች። ‹የፈቃዱን ነገር ግን ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ ያላመነኝን አባት ደጅ አልጠናም› አላት። እሷም ተቀይማለች። እምቢ ብለው ከቀሩ ተከትዬው እሄዳለሁ እያለች ነው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ግድግዳ ሊያስደግፉ ቢሞክሩ ወደቀባቸው፤ አንስተው ቢያስደግፉት ደግሞ ወደቀ። ሕንድ በየት በኩል እንደሆነች እንኳን አያውቁም። የሚያውቁት አውሮፕላን እንደሚያሻግር ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሄዶ ማምጣት ነዋ።»

«እኔ? የሴት ልጅ አባት ሆኜ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ልጅዎ ባሕር ማዶ ብትቀርስ ሰው ዝም የሚል መሰለዎት?» አሉ ወይዘሮ አዛለች። ነጠላቸውን ለብሰው ጨርሰዋል።

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ የሚያውቃቸው ዲያቆን ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቃቸው «ለሕክምና ነው» አሉት። ደብረ ብርሃን እስኪደርሱ ድረስ ልባቸው ሲደልቅ ስለነበር ውሸት ነው ማለትም አይቻልም።

የተከራየበትን ቤት በር ራሱ ኩሪያን ከፈተ። ከኋላው ሻንጣ ቆሟል፤ ማርያማዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሸሚዝ ታጥፋለች። አባቷን ስታይ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻቸውም።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ አባባ» አለ ልጁ።

«አልቀመጥም። ለጉዳይ የመጣ ሰው ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም» አሉ መሪጌታ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው እዚያው መሐል ቤት ቆሙ። ወይዘሮ አዛለች ግን ወንበር ስበው ቁጭ አሉ፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«እምቢ አሉኝ እኮ» አለ ኩሪያን ቀስ ብሎ።

«እምቢማ እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ብል፣ ልጁ ተርፋው ነበር አልባልም?»

ማርያማዊት ሸሚዙን አስቀመጠች። «የፈቃዱስ ነገር፣ አባባ? እሱም ወግ ነው?»

መሪጌታ ሻንጣውን አዩት።

«እሱ ወግ አይደለም። እሱ ፍርሃት ነው፣ ልጄ። ዛሬ ወረቀቱን ይዞ ነገ ይዞሽ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ቂርቆስ፣ አንተን ሳላምንህ ቀርቼ አይደለም። እወድሃለሁ። እሷን ማጣት ግን አልችልም።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ። ሻንጣውን የከፈቱት ወይዘሮ አዛለች ናቸው።

ወጉ ግን ወግ ነው፣ አይዘለልም። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ዋሴ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው አንኮበር ወጡ። መሪጌታ በክብር ተቀምጠው «እንምከርበት» አሉ። ሽማግሌዎቹ ከበር ወጥተው ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩና ለሦስተኛው ተመልሰው ገቡ። መሪጌታም መረቁ። ጋሽ ዋሴ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ፈጣን ሽምግልና አይተው እንደማያውቁ እየማሉ ጠላውን ጠጡ።

ጋብቻው ማዘጋጃ ቤት ተመዘገበ። ልጆቹ አዲስ አበባ ወርደው የፈቃድ ለውጡን ማመልከቻ ቀኑ ሳያልፍ አስገቡ፤ ቢመላለሱም ተሳካላቸው። አዲሱ የመኖሪያ ፈቃድ የወጣ ጊዜ ኩሪያን ከሚስቱ ጋር ካርዱን ይዞ አንኮበር መጣ። ከሳሎኑ ሆኖም ኬረላ ላሉት እናቱ በቪዲዮ ደወለና ካርዱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ አሳያቸው።

ነጭ የለበሱ ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ፈገግ አሉ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ። ከዚያ ስልኩን አስቀመጡት መሰል የቤታቸው ጣሪያ ብቻ ታየ። መሪጌታ ጣሪያውን አዩት፣ ቆዩና ገባቸው።

«እናትህ ሌላ ልጅ አላቸው?»

«የላትም፣ አባባ። እኔ ብቻ ነኝ።»

መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። ስልኩ ፊት ቆመው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እንዲህ ብለህ ንገርልኝ። እኔ ልጄ እንዳትሄድብኝ ስል የእርስዎን ልጅ ሳልጠይቅ አስቀረሁ። ደጅዎን መጥናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ኩሪያን እያቋረጠ ባገሩ ቋንቋ ነገራቸው። ጣሪያው ጠፋና የሴትዮዋ ፊት ተመለሰ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። መሪጌታን ትክ ብለው እያዩ ጥቂት ተናገሩ።

«‹ሰጥቻለሁ› ትላለች» አለ ኩሪያን። «‹ግን በየዓመቱ ለፋሲካ ሁለቱንም ይላኩልኝ።›»

መሪጌታ ወደ ማርያማዊት ዞረው አዩዋት። እሷ መልሱን ለሳቸው ተወችላቸው።

«እልካለሁ» አሉ። አጠገባቸው ያለ ሰው እንኳን በቅጡ አልሰማቸውም። ወይዘሮ አዛለች ወደ ስልኩ ተጠግተው፣ ሕንድ ድረስ እንዲሰማ አድርገው «ይልካሉ» አሉላቸው።