ሦስት የሰጠሁት ጨዋታ

ኢንተርኔት ላይ ስሜን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው «እሜቴ ሦስት» የሚለውን ቅጽል ነው። በሥራ ዘመኔ ከሁለት ሺህ በላይ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ገምግሜአለሁ፤ ሰው የሚያስታውሰኝ ግን ከዐሥር ሦስት በሰጠሁት በአንዱ ነው። ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። የምፈራው ሳቁን ሳይሆን፣ ሦስቱን ለምን እንደሰጠሁ አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይመጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ ቶኪዮ ውስጥ በአንድ ሳምንታዊ የጨዋታ መጽሔት እሠራ ነበር። አራት ገምጋሚዎች ነበርን። አዲስ ጨዋታ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ጨዋታው ያለበት የናሙና ካሴት ይሰጠናል፤ ለየብቻ ተጫውተን፣ ሳንመካከር ነጥብ እንሰጣለን። የአራታችን ድምር ሠላሳ ከሞላ መጽሔቱ ከጨዋታው ስም አጠገብ ቀይ ማኅተም ያትማል። ጅምላ አከፋፋዮች ጨዋታውን ቁጭ ብለው የሚሞክሩበት ጊዜ የላቸውም፤ ማኅተሙን አይተው ነው የሚያዙት። ፋብሪካው ደግሞ ካሴቱን የሚሠራው በታዘዘው ልክ ነው። አንሶ ቢገኝ ሌላ እስኪሠራ ወራት ያልፋሉ፤ እስከዚያ ልጆቹ ወደ ሌላ ጨዋታ ሄደዋል። ለትንሽ ኩባንያ ያ ማኅተም የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

«የሰባቱ ጉድጓዶች ምድር»ን የሠሩት ኦሳካ ውስጥ ያሉ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ቶኩናጋ ይባላል። በጨዋታው ውስጥ ዘንዶ የሚገድል ልዑል የለም። ያለው ውሃ በደረቀበት አገር ከመንደር መንደር እየዞረ ጉድጓድ የሚቆፍር ሽማግሌ ነው። ከልቤ ወደድኩት። ስምንት ልሰጠው ወስኜ ነበር፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የዓመት መጨረሻ ስለነበር ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ቀድሞ ይሰበስባል። እኔም የመጫወቻ ማሽኔንና አምስት ካሴት ተሸክሜ ቶያማ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ፤ እዚያ ስልክ ስለማይበዛ ሥራ ይቀናኛል። እናቴ ደግሞ የዓመት መጨረሻ ጽዳቷን ሁልጊዜ ከጎረቤት ቀድማ ነው የምትጀምረው። ቤቱ ተተራምሶ ጠበቀኝ።

«እማዬ፣ ይሄን ማሽን እንዳትነኪብኝ» አልኳት።

«ማን ይነካልሻል! ሠላሳ ዓመት ሞልቶሽ መጫወቻ አቅፈሽ መምጣትሽ ሳያንስ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ጋዜጠኛ ናት ነው የምለው።»

«ጋዜጠኛ እኮ ነኝ።»

«አዎ፣ የጭራቅ ጋዜጠኛ። በይ ተነሺና ለወረቀት በሩ የሚለጠፈውን አዲስ ወረቀት ገዝተሽልኝ ነይ።»

ሃያ ሁለት ሰዓት ተጫውቼ አምስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ ወጥቼ የደረስኩበትን ካሴቱ ላይ ሴቭ እስካደርግ ሱቁ ይዘጋል። ቴሌቪዥኑን ብቻ አጥፍቼ፣ ማሽኑን እንደበራ ትቼ ወጣሁ። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ማሽኑ አሁንም በርቷል፤ ቴሌቪዥኑን ስከፍት ግን የጨዋታው የመጀመሪያ ገጽ ነው የሚታየው። ሽማግሌውም ጉድጓዱም የሉም። ደህና፣ ከትናንቱ ሴቭ እቀጥላለሁ ብዬ ከፈትኩ። ሴቭ የሚቀመጥበት ሦስቱም ቦታ ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ነካሽው?»

«አልነካሁም አልኩሽ እኮ!»

እናቴ አትዋሽም። እኔም በዚህ ነገር ጥንቁቅ ነበርኩ። ያኔ ማሽን የሚጠፋው ሪሴት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ነው፤ አለዚያ ሴቩ ይበላሻል። የስድስት ዓመት ልጅም የሚያውቀው ነው፤ እኔም አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም። ስለዚህ ጥፋቱ የካሴቱ ነው አልኩ። ቆሽቴ አረረ። ኩባንያው ጋ ደውሎ መጠየቅ ክልክል ነበር፤ ነጥብ ሳይሰጥ የደወለ ገምጋሚ ለጉቦ እጁን እንደዘረጋ ይቆጠራል። ሌሎቹን ገምጋሚዎችም መጠየቅ አይቻልም። እንደገና ልጀምር ብል ሁለት ቀን ነው የቀረኝ፤ ሌሎች አራት ካሴቶች ደግሞ ተራ ይጠብቃሉ። በንዴት ጻፍኩ፦ «ሃያ ሁለት ሰዓት ሙሉ የለፋሁበትን ዋጥ አድርጎ በላብኝ። የልጆቻችሁን እንባ ማየት ካልፈለጋችሁ አትግዙት።» ሦስት ሰጠሁ።

መጽሔቱ ዲሴምበር ሃያ ስምንት ቀን ወጣ። ሌሎቹ ስምንት፣ ስምንትና ሰባት ሰጥተውታል። ሃያ ስድስት። ማኅተም የለም።

በአዲስ ዓመት ቀን ጠዋት ከወላጆቼ ጋር የሩዝ ኬክ የገባበትን ሾርባ እየበላን፣ እናቴ እንደ ልማዷ አባቴን ትነዘንዘው ጀመር።

«ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሌላ ሶኬት አስገባ ብዬው ይኸው ዓመቱ ዞረ። ያን ቀን እንኳ ቫኪዩም መጥረጊያውን የምሰካበት አጥቼ የዚችን ገመድ ነቅዬ፣ ስጨርስ መልሼ ሰካሁላት። በሽተኛ ወገቤን ይዤ!»

ጎድጓዳ ሳህኔን አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አልነካሁም አላልሽም?»

«ማሽኑን መች ነካሁት? ገመዱን ነው እንጂ! ምነው ፊትሽ እንዲህ ጠቆረ?»

ምን ልበላት? አሮጊት ሴት ቤቷን ባጸዳች። የማሽኑ ማብሪያ እንደተገፋ ስለሚቀር፣ ገመዱ ተመልሶ ሲሰካ ራሱ በራ፤ ሪሴቱ ሳይያዝ ጠፍቶ ነበርና፣ ሴቩን የበላው ካሴቱ ሳይሆን የእናቴ ቫኪዩም ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩት ግን እስከዚያ ጠዋት ስህተት እንጂ ውሸት አልነበረም። የአከፋፋዮች ትዕዛዝ የሚዘጋው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ማረሚያ አንድ አንቀጽ ቢወጣ ይበቃ ነበር።

ሥራ በተከፈተ ዕለት ማለዳ ቃሌን አሰናድቼ ቢሮ ገባሁ። ዋና አዘጋጁ ኦንዳ ገና ሳየው ከወንበሩ ተነሣ።

«ኩራሃሺ! ነይ፣ ነይ፣ እስቲ ይሄን እዪ!» ጠረጴዛው ላይ የፖስታ ካርድ ክምር ነበር። «‹በስንት ጊዜው እውነት የሚናገር ሰው ተገኘ› ይላሉ። አንባቢ ወዶሻል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በስምሽ ግማሽ ገጽ እሰጥሻለሁ፤ ፎቶሽም ይወጣል። ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር ነበር?»

«አይ፣ እንኳን አደረሰዎት ልል ነው» አልኩት።

ፈርቼ ነው ብል ራሴን መሸንገል ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ከአራቱ ገምጋሚዎች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «የሴቶቹን ዓምድ ያዢልን» እየተባልኩ ኖሬ፣ ያን ቀን ገና እንደ ሰው ታየሁ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ጃንዋሪ አለቀ።

ከአከፋፋዮች ሃምሳ ሺህ ይጠበቅ የነበረው ትዕዛዝ ዐሥራ አራት ሺህ ላይ ቆመ። ጨዋታው ኤፕሪል ላይ ወጥቶ በሳምንቱ አለቀ፤ የፈለጉት አላገኙትም፤ ኩባንያው በዓመቱ ተዘጋ። ዝናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ እየተዋዋሱ ተጫወቱት፤ አድገው ስለ እሱ ጻፉ። አሮጌ ካሴቱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በሠላሳ ስምንት ሺህ የን ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የዘመኑ ምርጥ ጨዋታዎች በተመረጡ ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ እሱ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሴቩ ጠፋብኝ ያለ ሰው ከእኔ በቀር አልተገኘም። «እሜቴ ሦስት ሪሴቱን ሳትጫን አጥፍታው ይሆናል» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናቴ እስክትሞት አላወቀችም።

አምና ጨዋታው እንደገና ሊወጣ ሆነ። አሳታሚው አብሮ ለሚያወጣው መጽሐፍ ከቶኩናጋ ጋር እንድነጋገር ጠየቀኝ፤ ባላንጣዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ አንባቢ ደስ ይለዋል። እሺ አልኩ። በኖቬምበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ኦሳካ ውስጥ እሱ በመረጠው ምግብ ቤት ተገናኘን። ከፊታችን የጋለ ብረት ምጣድ አለ፤ ጎመን የገባበትን ሊጥ ራሱ ያገላብጣል። ፀጉሩ ነጭ፣ ሳቁ ትልቅ ነው።

«እሜቴ ሦስት! እንደው አንድ ቀን በአካል ልይዎት ብዬ ነበር። ይሄንንስ ስንት ይሰጡታል? ከሦስት በታች ከሆነ ሂሳቡን እርስዎ ይከፍላሉ!»

ሳቅኩ።

«ተቀይመውኛል?» አልኩት።

«በነጥቡ? ኧረ! የሰው አፍ የወደደውን ይበላል።» ሊጡን ገለበጠ። «እኔን የሚቆጨኝ ሃታኬያማ ነው። ሴቩን የሠራው እሱ ነበር፤ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ። መጽሔቱን ያነበብን ዕለት ሥራ አቁመን ሦስት ሳምንት ካሴት ስናበራ ስናጠፋ ከረምን። ምንም አላገኘንም። እሱ ግን ‹እንዲህ ያለ መጽሔት በከንቱ አይጽፍም፤ ስህተቱ አለ፣ ማግኘት ያቃተኝ እኔ ነኝ› አለ። ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብሎ በፌብሩዋሪ ለቀቀ። እግሬ ላይ ወድቆ ነው የሄደው።»

«አሁን የት ነው?»

«ዋካያማ። የሚስቱ ቤተሰቦች እርሻ አላቸው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ዳግመኛ አልነካም። በየዓመቱ አንድ ካርቶን መንደሪን ይልክልኛል፤ ውስጡ ደብዳቤ አለ። ‹በእኔ ስህተት ኩባንያው ስለተዘጋ ይቅርታ› ይላል። በየዓመቱ! ሃያ አምስት ካርቶን።»

ያን ጊዜ ነገርኩት። ወረቀት ልገዛ መውጣቴን፣ ቫኪዩሙን፣ የእናቴን ወገብ፣ ሁሉንም።

ቶኩናጋ አልተቆጣም። ማገላበጫውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«መቼ አወቁ?»

«በአዲስ ዓመት ቀን።»

«የየትኛው ዓመት?»

«የዚያው።»

«ትዕዛዙ የተዘጋው ጃንዋሪ ሠላሳ አንድ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

ምጣዱ ላይ ያለው አረረ፤ ጭሱ ሲነሣ የምግብ ቤቱ ባለቤት መጥታ እሳቱን አጠፋችልንና ፊታችንን አይታ ተመለሰች። እኔ አለቅስ ነበር፤ እሱ አላጽናናኝም፤ ባያጽናናኝም ልክ ነው።

«እኔን ይቅርታ አይጠይቁኝ» አለ በመጨረሻ። «ይቅር ልበልዎ፣ አልበልዎ፣ ራሴም አላውቅም። እርስዎ የቆሙት ግን የተሳሳተ ሰው ደጃፍ ነው።»

ስልኩን አውጥቶ ቁጥር ነካና ሰጠኝ።

«ሃሎ፣ አለቃ!» አለ አንድ የጎልማሳ ድምፅ። ከኋላው የመቀስ ድምፅ ይሰማል። «መንደሪኑ ገና ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡ አዘገየን።»

ስሜን ነገርኩት። መቀሱ ቆመ። መሐል ላይ እያቆምኩ፣ እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ስጨርስ... ሳልዋሽ እላለሁ፣ ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድቡን ፈልጌው ነበር።

«ታዲያ ካሴቱ ውስጥ ስህተት የለም?» አለኝ።

«የለም። አልነበረም።»

«እኔ የሠራሁት ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

ከዚያ «እባክዎ እንዳይዘጉት» ብሎ ስልኩን ከአፉ አራቀና ጮኸ፦ «ዮሺኤ! ዮሺኤ፣ መሰላሉን ተይውና ቶሎ ነይ!» ደረቅ ቅጠል የሚረግጥ እግር ተሰማኝ። አንዲት ሴት «ምን ሆንክ? ለምን ታለቅሳለህ?» አለች።

«ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ» አለኝ ሃታኬያማ። «አስቸገርኩዎት፤ አንድ ጊዜ ይድገሙልን። ባለቤቴም ትስማው።»

እኔም ከቫኪዩሙ ጀምሬ ደገምኩላቸው።