ከ9:00 ጀምሮ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሳሁ። ውሃ ስለነበረ በርሜሉን ሞላሁ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ በላሁ። ከልደታ ማርያም የቅዳሴው ድምፅ እስከ አራተኛ ፎቅ ይመጣል። ቀሚሴን ተኮስኩ። ጥቁር አልነበረም፤ ጥቁር ካወለቅኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል።

ሳጥኑ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለ አናጺ ነው የሠራልኝ። ስለ ልኩ አልጠየቀኝም። «የጭን አጥንት ከገባ ሌላው ይገባል» ብሎ እንጨቱን ቆረጠ። ውስጡ ሦስት ክንድ ነጭ ጨርቅ አጥፌ አስቀምጫለሁ።

ባሌ ሀብተ ማርያም የተቀበረው በከተማው ምሥራቅ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ነው። ያኔ ቅርብ ቦታ አልተገኘም። ከሦስት ወር በፊት፣ መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ በአጥሩ በኩል ያሉት መቃብሮች እንደሚነሱ ተነገረን። ቤተሰብ ቆሞ አፅሙን እያስነሳ ግንብ ውስጥ ወዳለ ፉካ ማዛወር ነበረበት። ቤተሰብ ያልመጣለት ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ይገባል። የመጨረሻው ቀን ያ ቅዳሜ ነበር፣ እስከ ስድስት ሰዓት። ሦስት ወር ሙሉ ለምን እንደቆየሁ ለማንም አላስረዳሁም፤ እዚህም አላስረዳም።

ያው ቅዳሜ የእግር ኳስ ውድድሩ መክፈቻ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ለሁላችንም በስልክ መልእክት ደርሶን ነበር፦ «ቅዳሜ ከ9:00 ጀምሮ ወደ ስታዲየም የሚወስዱና የሚያቋርጡ መንገዶች ለተሽከርካሪ ዝግ ይሆናሉ።» ጨዋታው የሚጀመረው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከዘጠኝ ጀምሮ መዝጋታቸው ልክ መስሎ ታየኝ። ሦስት ተኩል ላይ ብወጣ አራት ተኩል ላይ እደርሳለሁ አልኩ።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ሰነድ የምተረጉምባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ሰዓት ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ስድስት መደመር ወይም መቀነስ፣ ወደ አማርኛ ስመልስም እንደዚያው፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውንም መጨመር የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ነው። ያንን መልእክት ግን እንደ ማንም ሰው አነበብኩት።

ምድር ቤት ሱቅ ያላት ሀያት ስወርድ አየችኝ።

«እትዬ ሰብለ፣ ዛሬም ትርጉም አለ?» ብላ ሳጥኑን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ውይ፣ ዛሬ ነው ለካ። ብቻዎን ነዎት? ሱቁን ልዝጋና ልከተልዎት።»

«አይሆንም፣ ሥራሽን ሥሪ።»

«ምን ሥራ አለ። ከሦስት ሰዓት ወዲህ አንድ ታክሲ አላለፈም። ወያላ ካልጮኸ ይሄ ልደታ ነው?»

እውነቷን ነበር። መንገዱ ላይ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው። የፍርድ ቤት ጠበቆች በሚቆሙበት ጥግ የብረት አጥር ተደርድሯል፤ ትናንት አልነበረም። በስልክ መኪና ጠራሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንድ አሮጌ ቪትዝ በኋላ ማርሽ እየተጎተተ ከውስጥ መንገድ ወጣ። ሾፌሩ ሚደቅሳ ይባላል።

«ወዴት ነን፣ እትዬ?»

ነገርኩት። መኪናውን አላንቀሳቀሰም።

«በሜክሲኮ በኩል? ተዘግቷል እኮ።»

«የሚዘጋው ከዘጠኝ ነው።»

«እኔም እንደዛ ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። የነሱ ዘጠኝ ነው አሉ።»

«የነማን?»

«የፈረንጁ ነዋ። በእኛ ሦስት።» በመስታወቱ አየኝ። «ከጠዋቱ ቢሉ ምን ነበረበት? ጓደኛዬ ሙሽራ ጭኖ መሃል ላይ ቀርቷል። ሙሽራዋ ወርዳ በእግሯ ሄደች፣ እሱ አበባውን እንደያዘ ቆሟል።»

እየሳቀ ነበር፤ ዞር ብሎ ሲያየኝ ተወው።

ይህን ስህተት ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሀብተ ማርያም ከተኛበት ሆስፒታል በር ላይ፣ የመጠየቂያ ሰዓት 8:00 የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ ለካ ጠዋት ሁለት ሰዓት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፍም።

«በቄራ ሞክር» አልኩት።

በቄራ ዞረን ጎተራ ላይ ቆምን። ከየአቅጣጫው የተመለሰው መኪና ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። ሞተር ያጠፉ አሉ፤ በር ከፍተው የተቀመጡ አሉ። የሚጮኽ ጥሩምባ የለም። ያ ሁሉ መኪና ቆሞ ጥሩምባ አለመኖሩ ከተማዋ የሆነ ነገር የምትጠብቅ አስመሰላት። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሆነ። የመቃብር ቦታው ጠባቂ ወንድምአገኝ ደወለልኝ።

«እትዬ ሰብለ፣ የት ደረሱ?»

«ጎተራ።»

ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማኛል።

«መቆፈሪያ ማሽኑ መጥቷል» አለ። «በር ላይ ቆሟል።»

«አንተ አንሣልኝ። ጨርቅ ከዚያው ግዛ፣ እከፍልሃለሁ።»

«ቤተሰብ ካልቆመ አይነሣም። የቄሰ ገበዙ ትእዛዝ ነው። ባለፈው አንዱ የሌላ ሰው አባት አስነስቶ፣ አልቅሶ፣ ተሸክሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እጄን አላስገባም።»

«ስድስት ሰዓት ነው ያልከኝ።»

«በእኛ ስድስት» አለ፣ ሳልጠይቀው።

ከመኪናው ወረድኩ። ሚደቅሳ ሳጥኑን እስከ እግረኛ መንገዱ አደረሰልኝና ሒሳብ አልቀበልም አለ። እንጨቱ ባዶ ሆኖም ይከብዳል። ደረቴ ላይ ታቅፌ ወደ ቦሌ አቅጣጫ ሄድኩ። ፊታቸውን የተቀቡ ደጋፊዎች በሰልፍ ይመጣሉ፤ እነሱ ወደ ስታዲየም፣ እኔ ከስታዲየም ራቅ ወዳለው። አንዱ መንገዴ ላይ ቆመ።

«ማዘር፣ ዋንጫውን እርስዎ ነዎት እንዴ የያዙት?»

ጓደኞቹ ሳቁ። «ያሳዩን እንጂ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!»

«ጀለሴ፣ ተዋት» አለ ሌላው። «ሳጥኑን እየው።»

«ዋንጫ አይደለም» አልኩ።

መንገድ ሰጡኝ።

ቦሌ መንገድ ስደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ከተሻገርኩ ቀሪው የእግር መንገድ ነው አልኩ። አንድ ፖሊስ እጁን ዘረጋ።

«እንግዶች ሊያልፉ ነው፤ ይጠብቁ። እሱን ይክፈቱት።»

ከፈትኩለት። ነጩን ጨርቅ በጣቱ ጫፍ ገለጥ አደረገ።

«ባዶ ነው?»

«እስካሁን።»

ክዳኑን በሁለት እጁ መለሰ። «ይቅርታ፣ እናቴ» አለ። «ባሳልፍዎት ደስ ይለኝ ነበር። ትእዛዝ ነው።»

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር። ከዚህም ከዚያም ሕዝቡ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ባዶ አስፋልት ያያል። አንድ ውሻ መሃሉን ሄዶ ሄዶ ቆመ፤ ዙሪያውን አየና ተመለሰ። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ወንድምአገኝ ደወለ፤ ሳነሳው ድምፁ እየተቆራረጠ ጠፋ። መልሼ ስደውል አልገባልኝም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ማንም አላለፈም። ስድስት ከሩብ ላይ ጥቁር መኪኖች በፍጥነት መጡ፤ ቆጥሬ ሳልጨርስ አለቁ። ፖሊሱ አጥሩን ሲያነሳ ዓይኔን አላየም።

ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ስደርስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ቢጫው ማሽን ጥላ ሥር ቆሞ ሾፌሩ ምሳ ይበላል። በአጥሩ በኩል ያለው መሬት ተደልድሏል፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ወንድምአገኝ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ።

«ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁኝ?» አልኩት።

«ሃያ። ሾፌሩን ለመንኩት። ከዚያ በላይ አለቃው በስልክ ጮኸበት።»

«ሌሎችስ?»

«ስድስት ናቸው ቤተሰብ ያልመጣላቸው። አራቱ ቤተሰቦች በሜክሲኮ በኩል ናቸው። ‹ገና ነው፣ የሚዘጋው ከዘጠኝ ነው› ሲሉኝ ነበር ትናንት።» ወደ መሬቱ አየ። «አንድ ላይ ገቡ። ልለይልዎት ሞክሬ ነበር፤ አፈሩ አብሮ ነው የወጣው።»

ከጎጆው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ከመስቀሉ የነቀለው የስም ሰሌዳ ነው። ጠርጎታል። ስሙና ሁለቱ ቀኖች ይነበባሉ። ሳጥኑን ከፍቼ ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩት። ከተደለደለው መሬት ዳር ድንጋይ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ከሆነ ቤት በሬዲዮ ስለ ጨዋታው አሰላለፍ ይነገራል።

«ውሃ ላምጣልዎት?» አለ።

«አይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ከግቢው ስወጣ ስልኬ 3:00 ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። ታክሲ ሳላገኝ እስከ ቦሌ በእግሬ ተመለስኩ፤ ቤት የገባሁት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ሀያት ሱቋን ሳትዘጋ ጠብቃኛለች። ሳጥኑን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ክብደቱ ቀለል ሲላት፣ ተሸክማ ከፊቴ ደረጃውን ወጣች።

ሳጥኑ ተመልሶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጨርቁና የስም ሰሌዳው ውስጡ አሉ። የሀብተ ማርያም አፅም የለም።